ጋሼ ገመቹ ያልቀረበበት ገበታ

በዚያ የፋሲካ ጠዋት መቱ ባለው ቤታችን በገበታው ዙሪያ የነበርነው እነዚህ ነን። አባቴ አቶ ደምሴ፣ ከበሩ ትይዩ ባለው መደብ ላይ። የንስሐ አባታችን መምሬ ኃይሌ፣ ከአባቴ በስተቀኝ፣ መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው። እናቴ ወይዘሮ አስካለ፣ ከመሶቡ አጠገብ፣ እንደ ልማዷ ሳትቀመጥ። ጎረቤታችን እትዬ ዲንቂ፣ በዱካ ላይ፣ ግንባራቸው ላይ ያሰሩትን ቄጤማ ገና ሳይፈቱ። መርፌ ይወጉኝ የነበሩት ድሬሰር አቶ ቦጋለ፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘው። ታላቅ ወንድሜ ገመቹ፣ ከሁላችንም ርቆ፣ የበሩን መቃን ተደግፎ። እኔ ደግሞ ከመስኮቱ ሥር፣ ብርድ ልብስ ተደርቦልኝ፣ ከብዙ ወራት በኋላ ከሰው ጋር በአንድ ገበታ ለመብላት የተቀመጥኩ።

ስማቸውን አንድ በአንድ የጻፍኩበት ምክንያት መጨረሻ ላይ ይገባችኋል። ጽሑፉ ራሱ ግን በሳንባ ነቀርሳ ለተያዙ ሰዎችና ለአስታማሚዎቻቸው ነው። በሽታው ይድናል። እኔ ድኛለሁ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ታሞ የሚያነብ ሰው እስከ መጨረሻው ድረስ በፍርሃት እንዳይጠብቅ ብዬ ነው። ስለ ሳሉ፣ ስለ ትኩሳቱና ስለ ላቡ ሐኪም ይጠይቃችኋል። ሐኪም የማይጠይቀው አንድ ነገር ግን አለ፤ እሱም ቅናት ነው። የተኛ ሰው በቆመ ሰው ይቀናል። በእኔ ላይ ቅናቱ ከሳሉ በፊትም ነበረ፤ በሽታው አሳበጠው እንጂ አላመጣውም።

አባቴና እናቴ ከሸዋ መጥተው መቱ ሲሰፍሩ ልጅ አልነበራቸውም። ጠላት ከአገር በወጣ ጊዜ ከኖፓ በኩል እናቱ በወሊድ የሞተችበትን ሕፃን በጉዲፈቻ ወሰዱ። በዚህ አገር ጉዲፈቻ ማለት የሰው ልጅ ማሳደግ ብቻ አይደለም። በሽማግሌዎች ፊት ቃል ይገባል፤ ከዚያ ወዲያ ልጁ የቤቱ በኩር ነው፣ በኋላ ከሚወለድ ልጅ ጋር እያወዳደሩ ማውራትም ነውር ነው። ያ ሕፃን ገመቹ ነው። ትርጉሙ በኦሮሞኛ ደስታ ማለት ነው። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ እኔ ተወለድኩ። የሰፈሩ ሰው ሁሉ በጉዲፈቻ የመጣ ልጅ ማኅፀን ይከፍታል ብሎ ስለሚያምን፣ መወለዴ የገመቹ እግር ነው ተባለ። ስለዚህ እኔ ወደዚህ ዓለም መምጣቴ እንኳ የእሱ ሥራ ሆኖ ሲነገር እየሰማሁ አደግሁ።

ገመቹ ድምፁ ትልቅ፣ ሳቁ ትልቅ፣ የምግብ ፍላጎቱም ትልቅ ነው። ከኡካ በበቅሎ ቡና እያመጣ መቱ ያራግፋል፤ በየመንገዱ የማያውቀው ሰው የለም። እኔ ዝምተኛ ነኝ። ፊደል ያስተማረኝ የለም፤ የቤታችን ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን አሮጌ ጋዜጣ እያየሁ፣ የሚያነቡ ሰዎችን አፍ እየተከተልኩ ራሴን አስተማርኩ። በኋላ ፍርድ ቤት ደጅ ተቀምጬ ማመልከቻ እጽፍ ጀመር። ሥራዬ ላይ ስህተት አልወድም። ጾም ላይም እንዲሁ ነበርኩ። ገመቹ በልጅነቱ በሁዳዴ የቅቤ ቅል ውስጥ ጣቱን ሲከት ተይዞ ያውቃል፤ ካደገም በኋላ መንገድ ላይ ጾም እንደሚገድፍ ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል፣ ያውቅና ይስቃል። እኔ ግን ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ጾም ገድፌ አላውቅም። እናቴ ለእንግዳ ስለ ሁለታችን ስትናገር ስለ እሱ ብዙ ነገር ታወራለች፤ ስለ እኔ የምትለው አንድ ነበር፤ ይኼኛው ልጄ ጾመኛ ነው። እኔም ያችን አንድ ነገር አጥብቄ ይዤ ኖርኩ።

ሳሉ የጀመረኝ ክረምቱ ሲወጣ ነው። መጀመሪያ ደረቅ ነበር። ከሰዓት በኋላ ሰውነቴ ይግላል፤ ስተኛ ላብ ያጠልቀኛል፤ ጠዋት ስነሳ ደግሞ ደህና ነኝ። እናቴ ምች ነው ብላ ዳማከሴ ጨምቃ አጠጣችኝ። እትዬ ዲንቂ የብርድ ነው ብለው ደረቴን ቅቤ አሹኝ። አልተሻለኝም። ገበያ ውስጥ መርፌ የሚወጋ አንድ ሰው ነበር፤ ወባ ነው ብሎ ክኒን ሰጠኝ፣ ሁለተኛ ስሄድ መርፌ ወጋኝ። መርፌው የተወጋበት ቦታ አብጦ ብዙ ቀን አላስቀመጠኝም። ሐኪም ያልመረመረውን ሰው መርፌ የሚወጋ ሰው ካጋጠማችሁ እጃችሁን ሰብስባችሁ ውጡ።

ከዚያ ጸበል ሄድኩ። ወደ ሶር በኩል፣ ቁልቁለቱን ጫካ ለጫካ ተወርዶ የሚደረስበት ጸበል ነው። እናቴና ገመቹ ይዘውኝ ሄዱ። ስወርድ በእግሬ ነበርኩ፤ ስመለስ ግን አቀበቱን አልቻልኩትም። ገመቹ ጎንበስ አለና አዘለኝ። መንገዱ ጭቃ ነው፣ የዛፉ ሥር ያዳልጣል። ጆሮዬ ጀርባው ላይ ስለነበረ ሲተነፍስ ይሰማኛል፤ ሰፊ፣ ምንም የማያስቸግረው ትንፋሽ። ጠላሁት። እንዲህ ዓይነት ደረት ለእሱ ሲሰጥ የእኔ ለምን እንደዚህ ሆነ ብዬ አቀበቱን ሙሉ አሰብኩ። ከላይ ስንደርስ አንዲት የማናውቃቸው አሮጊት ገመቹን ዓይተው፣ የተሸከመችህ ማኅፀን ትባረክ አሉት። እናቴ አጠገባቸው ቆማለች። ያቺ ማኅፀን የወለደችው እኔን ነው። እናቴ ግን አሜን አለች።

በዚያ ሰሞን ብዙ ሰው ሊጠይቀኝ መጣ። ሰው ለእኔ ብሎ ቤታችን ሲመጣ ያ መጀመሪያው ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ትንሽ ደስ ብሎኛል። ነገር ግን አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው የሚያወሩት ስለ ገመቹ ነበር። እንዴት እንዳዘለኝ፣ እንዴት ቡናውን ትቶ እንደሚያስታምመኝ፣ እንዴት ያለ ወንድም እንደተሰጠኝ። እግዜር ይማርህ ለመውጫ የሚቀር ቃል ነበረ።

አንድ ጠዋት ስስል መሀረቤ ላይ ደም አየሁ። አጥፌ ትራስ ሥር ደበቅሁት። ያገኘው ገመቹ ነው። ለእናቴ አልነገራትም፤ ጎሬ ወደሚሄድ የጭነት መኪና ሄዶ ቦታ ያዘልኝና፣ ቡና ጆንያ ላይ አስቀምጦ ሐኪም ቤት አደረሰኝ። ሐኪም ቤቱ ደጃፍ ያለው ረጅም አግዳሚ ላይ ስንጠብቅ ዋልን። ከጎኔ አንዲት ሴት ከልጇ ጋር ነበረች፤ ስስል ልጇን ወደ ሌላ ጉልበቷ አዛወረችው። ገመቹ አይቷል። ተነስቶ በሴትየዋና በእኔ መካከል ተቀመጠና፣ ስለ በቅሎዎቹ እያወራ አሳቃት። ያን ያደረገው እኔ እንዳላፍር መሆኑን አሁን አውቃለሁ። ያን ጊዜ የገባኝ ግን ሰው የሚሸሸው እኔን፣ የሚስቀው ከእሱ ጋር መሆኑ ብቻ ነው።

ሐኪሙ የውጭ አገር ሰው ነበሩ። ደረቴን በራጅ አነሱት፤ አክታዬንም በትንሽ ብልቃጥ ተቀብለው አስመረመሩ። የመቱው ድሬሰር አቶ ቦጋለ በዚያ ቀን መድኃኒት ሊቀበሉ እዚያ ስለነበሩ አስተረጎሙልኝ። የሳንባ ነቀርሳ ነው። ሳንባን እየበላ የሚሄድ በሽታ ነው፤ በሳልና በአክታ ወደ ሌላ ሰው ይተላለፋል። መርፌና ክኒን ለብዙ ወራት ያስፈልገዋል፤ ተሻለኝ ብሎ መሀል ላይ ያቋረጠ ሰው ይብስበታል። ቀጥሎ ሐኪሙ ጣታቸውን እያጠፉ የሆነ ነገር ተናገሩ፣ አቶ ቦጋለም ወደ እኔ ዞረው፣ “እንቁላል፣ ወተት፣ ሥጋ፣ ቅቤ። አንድም ቀን ሳታጓድል፣ ነው የሚሉህ” አሉኝ። እኔ ልቤ የሄደው ወደ ቀን መቁጠሪያው ነው። ሁዳዴ ሊገባ ቅርብ ነበር።

ቤት ስንመለስ ዕቃዬ ተለየ። ጠርዙ ሰማያዊ የሆነ የቆርቆሮ ሳህን፣ አንድ ኩባያ፣ አንድ ማንኪያ። በፈላ ውሃ ይታጠባሉ፣ ለብቻቸው ይቀመጣሉ። አክታዬን ክዳን ባለው ጣሳ ውስጥ እተፋለሁ፤ ይቀበራል። ይህ ሁሉ ትክክል ነው፣ እናንተም አድርጉት። ግን ለታመመው ሰው ይህን የምታደርጉበትን ምክንያት ደጋግማችሁ ንገሩት። ለእኔ አንድ ጊዜ ብቻ ስለተነገረኝ ሳህኔ ከሌላው ሳህን ርቆ ባየሁት ቁጥር አዲስ ነገር ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ ሁዳዴ ገባ። እናቴ እንደ ሁልጊዜው የቤቱን ዕቃ ሁሉ በአመድ ፈትጋ ቅባቱን አጠፋች። የእኔን ድስት ብቻ ለየች። በሁዳዴ እንቁላል የሚጠበስበት ቤት ምን እንደሚመስል የማያውቅ ሰው ካለ፣ ሽታው አጥር አልፎ ይሄዳል። እናቴ መስኮቱን ዘግታ፣ በሩን ገርበብ አድርጋ ስትጠብስ እንደ ሌባ ትሆናለች። መምሬ ኃይሌ መጥተው፣ ሥርዓቱ በሽተኛ እንዲጾም እንደማያስገድድ ለእኔም ለእሷም ነግረው ሄደዋል። እኔ ግን አልበላም አልኩ።

ሰው ሁሉ ለእግዚአብሔር ያለኝ ፍቅር መሰለው። አልነበረም። ገመቹ በዚያ ዓመት ምን እንደነካው አይታወቅም፣ ሳይገድፍ መጾም ጀምሯል፤ እናቴም ደስ ብሏት ለእትዬ ዲንቂ ስታወራ ሰምቻለሁ። እሱ ጾመኛ ሊሆን፣ እኔ ደግሞ በሁዳዴ እንቁላል የሚበላ ሰው ልሆን ነው። በጤናው ይበልጠኛል፣ በጉልበቱ ይበልጠኛል፣ በሰው ፍቅር ይበልጠኛል፤ ያቺን የቀረችኝን አንዲት ነገርም እኔ ራሴ በማንኪያ አንስቼ ልሰጠው ነው።

ሳህኑ ሞልቶ መጥቶ ሞልቶ ተመለሰ። ፊቴ ጠቆረ። መርፌው ይወጋል እንጂ ሰውነቴ የሚያገግምበት ነገር የለውም። ጆሮዬ ይጮህ ጀመር፤ ይህ መርፌው የሚያመጣው ነው፣ አትፍሩ፣ ለድሬሰራችሁ ግን ንገሩ። አንድ ቀን አቶ ቦጋለ ክንዴን ይዘው የሚወጉበት ሥጋ ሲያጡ መርፌውን መልሰው አስቀመጡትና አባቴን ወደ ውጭ ጠሯቸው። በግድግዳው በኩል ሰማሁ። ይህ ልጅ እስከ ፋሲካ የሚደርስ አይመስለኝም አሉ።

አባቴ ገብተው ጠርዙ ሰማያዊ የሆነውን ሳህን ራሳቸው አቀረቡልኝ። አባቴ ምግብ አቅርበው የማያውቁ ሰው ናቸው። እምቢ አልኳቸው። ገመቹ ከኋላቸው ቆሞ ነበርና ነገሩን ወደ ቀልድ ለመውሰድ፣ “ብላ እንጂ፤ እኔ ብሆን ሐኪም ፈቀደልኝ ብዬ በሬውን እጨርሰው ነበር” አለ።

“አንተማ ሐኪምም አያስፈልግህም” አልኩት።

እንደ ወትሮው ይስቃል ብዬ ነበር። አልሳቀም። ደግሞ ሌላም ነገር ነበር፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ጋሼ እንድለው አባቴ አዘውኛል፣ ጋሼ ሳልለው የተናገርኩት የመጀመሪያ ቃል ያ ነበር። ሁላቸውም ሰሙት። ገመቹ ከቤት ወጣ።

በማግሥቱ ይሁን ከዚያ በኋላ ባለው ቀን እርግጠኛ አይደለሁም፣ መምሬ ኃይሌ መጡና አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። መስቀሉን አሳለሙኝ። ከዚያ ረጋ ብለው፣ “ጾምህን የሚጾምልህ ሰው ተገኝቷል። ስለዚህ አንተ ብላ” አሉኝ።

“ማን ነው አባቴ?”

“እሱን ማወቅ ያንተ ሥራ አይደለም። ያንተ ሥራ መብላት ነው።”

የንስሐ አባት የልጁን ቀኖና አብሮ እንደሚሸከም ሰምቼ ስለማውቅ፣ የሚጾሙልኝ እሳቸው ራሳቸው ናቸው ብዬ ደመደምኩ። ልቤ ቀለለኝ። ጾሜ አልጠፋም፣ በደህና እጅ ላይ ነው፣ በተለይ ደግሞ ገመቹ እጅ ላይ አይደለም። በዚያው ቀን ማታ እንቁላሉን በላሁ። እናቴ ባዶውን ሳህን ስትቀበለኝ መሀል ቤት ቆማ ለረጅም ጊዜ አየችው።

መብላት ከጀመርኩ በኋላ ሰውነቴ ቀስ በቀስ ተመለሰ። መጀመሪያ ላቡ ቀረ፣ ቀጥሎ ትኩሳቱ፣ ሳሉ ከሁሉም መጨረሻ። ተኝቼ ግድግዳው ላይ ያለውን ጋዜጣ እንደ ልጅነቴ አነባለሁ፤ ከድካሜ የተነሳ ደብዝዞብኝ የነበረው ፊደል እየጠራልኝ ሲመጣ እየዳንኩ መሆኔን በእሱ አወቅሁ። ነገር ግን አንድ ሌላ ነገርም አስተዋልኩ። ገመቹ ምግብ ስበላ ክፍሌ መግባት አቆመ። ቀድሞ ሳህኑን ይዞልኝ የሚመጣው እሱ ነበር፤ አሁን የምግቤ ሰዓት ሲደርስ በቅሎ ለማየት ይወጣል። ከስቷል፣ ቀበቶውን አጥብቆ ታጥቋል። በሽታው እንዳይይዘው ፈራ አልኩ። በአደባባይ አዝሎኝ የተመረቀ ሰው፣ ሰው በማያየው ቦታ ሸሸኝ አልኩ። ይህ ነገር ከሕመሙ ይልቅ አመመኝ፤ ከዚያ ጋርም፣ ይቅር ይበለኝ፣ አስደሰተኝ። በመጨረሻ የምበልጠው ነገር አገኘሁ ብዬ ነበር።

ፋሲካ ሲቃረብ አቶ ቦጋለ አክታዬን ጎሬ ወስደው አስመረመሩ። በሽታው አይታይበትም ተባለ። መርፌውና ክኒኑ ይቀጥላል፣ ከሰው ጋር መብላት ግን ይችላል አሉ። አባቴ የፋሲካ ዕለት በትልቁ ገበታ እንድቀመጥ አዘዙ፣ አቶ ቦጋለንም ጋበዟቸው።

እንግዲህ ወደዚያ ጠዋት ተመለስን። መምሬ ኃይሌ ገበታውን ባረኩ፣ ድፎውን ቆረሱ። ዶሮው ቀረበ፣ እንቁላሉ ቀይ ወጥ ውስጥ ይታያል። ሁሉም እጁን ሲሰድ የማየው የገመቹን እጅ ነው። ከበሩ አልተነቃነቀም። እናቴ ጠራችው። ሆዴን አሞኛል አላት። እትዬ ዲንቂ፣ “ኛዱ እንጂ ገመቹ፣ ብላ፣ ሆድህ ዛሬ ካልበላ መቼ ሊበላ ነው?” ብለው ቀለዱበት። ገመቹም ትንሽ ቆይቼ እበላለሁ አላቸው። እኔ ግን ጥቃቅን ነገር አያመልጠኝም። ግራ እጁ ኪሱ ውስጥ ነበር፤ ከዚያ ያወጣውን ነገር ቀስ ብሎ ያኝካል። የሽምብራ ቆሎ ነው። ሆዱን የታመመ ሰው ሽምብራ አያኝክም። ከዚህ ገበታ የራቀበት ምክንያት ሆዱ እንዳልሆነ አወቅሁ፤ ገበታው ላይ አዲስ የመጣ ነገር ደግሞ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም የእኔ እጅ ነው።

“ተዉት” አልኩ። “እኔ የነካሁትን መብላት ተጸይፎ ነው።”

አባቴ የያዙትን ጉርሻ ገበታው ላይ መለሱት። እናቴ መሶቡን ያዘች። ገመቹ ወደ እኔ አየ። መምሬ ኃይሌ ግን እኔን አላዩም። የገመቹን ኪስ ነበር የሚያዩት።

“ገመቹ፣ ምንድን ነው የምትበላው?”

“ሽምብራ ነው አባቴ።”

“በዛሬው ቀን?”

ገመቹ መሬት መሬት እያየ፣ “የራሴን ትናንት ጨረስኩ። የሱን ዛሬ ጀመርኩ” አለ።

“የማንን?”

“የወንድሜን ነዋ። እጾምለታለሁ ብዬዎት አልነበር? አንድ ሰው አንዴ ጾሞ ሁለት ጾምኩ ይላል እንዴ?”

መምሬ ኃይሌ እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። በኋላ እንደነገሩን፣ ገመቹ ቤተ ክርስቲያን ድረስ ሄዶ የወንድሜን ጾም እኔ ልጾምለት ብሎ ሲለምናቸው፣ እሳቸው የፈቀዱለት በራሱ ጾም ላይ ሰዓት እንዲጨምርበት፣ ሌላው በዘጠኝ ሰዓት ሲበላ እሱ ፀሐይ እስክትጠልቅ እንዲቆይ ነው። ይህንኑ ከዚያን ቀን ጀምሮ እስከ ፋሲካ አድርጎታል። ግን እሱ የገባው ይህ መነሻው እንደሆነ ነው፤ ሌላ ሙሉ ሁዳዴ ከፋሲካ ጀምሮ የሚቆጠርለት መስሎታል። ከፋሲካ በኋላ ባለው በዓለ ሃምሳ ረቡዕና ዓርብ እንኳ እንደማይጾም የመቱ ልጅ ሁሉ ያውቃል። ገመቹ ጾም በቅጡ ስለማያውቅ ይህን አያውቅም ነበር። በምግቤ ሰዓት ከክፍሌ የሚወጣውም የቅቤው ሽታ እንዳያሸንፈው ነው።

መምሬ ኃይሌ ተነሱና ወደ በሩ ሄዱ፤ መስቀላቸውን ትከሻው ላይ አደረጉ። “ልጄ፣ ስማኝ” አሉት። “የጾመላችሁ ሌላ ነው። አርባ ቀን ጾመ፣ የእናንተን ሕመም ታመመ፣ የእናንተን ሞት ሞተ። ዛሬ ተነሥቷል። ደውል ደውለን ተነሣ እያልን፣ አንተ ገና እንዳልተነሣ ሰው ትጾማለህ?”

“እሺ አባቴ፣ የወንድሜስ?”

“የሱም ያንተም ተጹሟል። ብላ።”

ስለዚያች ሰዓት ብዙ ጊዜ አስቤአለሁ። ስለ እኛ ታመመ፣ ስለ እኛ ሞተ የሚለውን ቃል ከሕፃንነቴ ጀምሮ በቃሌ አውቀዋለሁ፤ በሰሞነ ሕማማት ቆሜ ሰግጄበታለሁ። ስለ እኛ ሲባል ቀላል ነው፤ እኛ ውስጥ ሰው ሁሉ አለ። ስለ እኔ ሲሆን ግን ሌላ ነገር ነው። አንድ ሰው፣ ያውም የምትቀናበት ሰው፣ የምትሞትበትን ነገር ከእጅህ ወስዶ ተሸክሞልህ በሕይወት ተቀምጠህ ስትገኝ፣ የመጀመሪያው ስሜት ምስጋና አይደለም። ቢያንስ የእኔ አልነበረም። የመጀመሪያው ስሜቴ በፍቅርም በለጠኝ የሚል ነበር። የምበልጠው አንድ ነገር ቀርቶልኝ ነበር፣ እሱንም ወሰደው። ፊደል እንኳ ማንም ያላስተማረኝ ሰው ነኝ፤ ያለኝን ሁሉ በራሴ አግኝቼው ኖሬአለሁ። አሁን ግን ሕይወቴን የሰጠኝ ሌላ ሰው ነው፣ የሚጠበቅብኝም አፌን ከፍቼ መቀበል ብቻ ነበር። እስከ ፋሲካ በበላሁት እንቁላል ሳላውቀው ስቀበል ከርሜአለሁ።

ገመቹ ግን አሁንም ከበሩ አልተንቀሳቀሰም። መምሬ ፈቅደውለታል፣ እናቴ እያለቀሰች በእጇ ትጠራዋለች፤ የሚጠብቀው የእኔን ቃል ነበር። እኔ ደግሞ ቃል የማይወጣልኝ ሰው ነኝ። እጄን አየሁት። ከታመምኩ ጀምሮ በዚያ እጅ ማንንም አጉርሼ አላውቅም። እንጀራውን ቆረስኩ፣ ከእንቁላሉ ግማሹን አደረግሁበት፣ ወጡን ጨመርኩ፣ ጠቀለልኩት። ትልቅ ጉርሻ ነበር፤ ወጡ ክንዴ ላይ ወረደ። እጄን ወደ በሩ ዘረጋሁ።

“ጋሼ፣ ኮቱ” አልኩት። ና ማለት ነው። በእኔና በእሱ መካከል ኦሮሞኛ የሚናገረው ሁልጊዜ እሱ ነበር፤ እኔ በአማርኛ ነው የምመልስለት።

መጣ። ጉልበቱን አጥፎ ከፊቴ ተቀመጠ፣ ልጆች ሆነን እንደሚያደርገው አፉን ከመጠን በላይ ከፈተ። አጎረስኩት። ጣቶቼን ጭምር ሊበላቸው ምንም አልቀረውም። አኝኮ አኝኮ ዋጠና ወደ እናቴ ዞሮ፣ “እማዬ፣ ቅቤው አንሷል” አላት።

እትዬ ዲንቂ ከዱካቸው ሊወድቁ እስኪደርሱ ሳቁ።

ከዚያ በኋላ መርፌዬንና ክኒኔን ሳላቋርጥ ጨረስኩ። አሁን ፍርድ ቤት ደጅ ወደ ሥራዬ ተመልሻለሁ፤ ጆሮዬ አልፎ አልፎ ይጮሃል፣ ሌላ የሚያመኝ ነገር የለም። ለታመማችሁ የምለው፣ ሐኪም ያዘዘላችሁን ብሉ፣ መድኃኒታችሁንም እስከ መጨረሻው ውሰዱ። ጾማችሁን የሚጾምላችሁ አለ። ለአስታማሚዎች የምለው ደግሞ፣ ከታማሚው ገበታ የምትርቁበትን ምክንያት ንገሩት፤ ካልነገራችሁት እሱ ራሱ የከፋውን ምክንያት ይፈጥርለታል።

ቅናቱ እንደ ሳሉ ሙሉ በሙሉ ለቆኛል አልልም። ገመቹ ዛሬ ኡካ ትዳር ይዞ ይኖራል። ስለዚያ ነገር ስጠይቀው ረስቼዋለሁ ይለኛል፣ ወሬውንም ወደ በቅሎው ያዞረዋል። ስለዚህ የቀረውን የምትሞሉልኝ በዚያ ጠዋት የነበራችሁ ናችሁ። መምሬ ኃይሌ፣ ሊለምንዎት በመጣ ጊዜ በየትኛው በር ገባ፣ የተናገረውስ ቃል ምን ነበር? አቶ ቦጋለ፣ ከክሊኒክዎ ደጅ በሁዳዴ ከሰዓት በኋላ ተቀምጦ ፀሐይዋን ይጠብቃል ሲባል ሰምቻለሁ፤ እውነት ነው? ምን ይመስል ነበር? እትዬ ዲንቂ፣ በእናንተ አጥር ጥግ አንድ ቀን ራሱን ስቶ ውሃ አጠጡት ይባላል፤ ለማንም አይንገሩ ሲልዎ ስሜን ጠርቶ ነበር? እማዬ፣ አንቺስ ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው? አባባ፣ ጉርሻዎትን ገበታው ላይ ሲመልሱ አውቀው ነበር?

ትንሽም ብትሆን፣ ስህተቴን ማረምም ቢሆን፣ ንገሩኝ፤ እጨምረዋለሁ። ሁላችሁም ከየቦታችሁ አይታችኋል። በዚህም እቀናባችኋለሁ፤ ለእኔ ሲደረግ ሳለ ያላየሁት እኔ ብቻ ነኝ።